ክብደት የሚለው ቦታ

«የቦራም እናት፣ ክብደቷ ስንት ነው?»

የጠየቀኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ቴጉ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። ከዎንጁ ከተማ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው የስኪ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ኪራይ ሱቃችን በሰው ተሞልታለች። ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ነው፤ ውስጥ ግን የጋዙ ምድጃ ሙቀት፣ የእርጥብ ካልሲ ሽታና የሰው ትንፋሽ ተቀላቅሎ የመስኮቱ መስታወት ላይ ውሃ እየሆነ ይወርዳል። ባንኮኒው ፊት አሥራ አራት ሰዎች ተሰልፈዋል፤ አብዛኞቹ ከሴኡል የመጡ የአንድ መሥሪያ ቤት ጎረምሶች ናቸው። በእጄ የያዝኩት የልጄን ፎርም ነው። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ቁመቷን፣ የእግሯን ልክ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ። ክብደት የሚለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ሰባ ስድስት ኪሎ ናት። ከሦስት ቀን በፊት የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ስትወጣ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ግን አፌ አልከፈት አለኝ።

የሱቁን አሠራር ያላየ ሰው፣ ይህ ምን ያስፈራል ይል ይሆናል። ፎርም የሚቀበለው ቴጉ ባንኮኒው ጋ ነው የሚቆመው። ስኪውን የሚያስተካክለው አቶ ፒዮ ደግሞ ኋላ ባለው ክፍል፣ ከአንዲት ትንሽ መስኮት ጀርባ ነው። ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እስኪያልፍ ሰልፉ ስለሚረዝም፣ ቴጉ የተጻፈውን ወደ መስኮቷ ይጮኸዋል። «መቶ ሰባ ሁለት! ስልሳ አምስት! ሁለት መቶ ሰባ!» መጀመሪያ ቁመት፣ ቀጥሎ ክብደት፣ መጨረሻ ላይ የእግር ልክ በሚሊሜትር። ስኪ ከማከራየቱ በፊት ገበያ ውስጥ ዓሣ ይሸጥ ነበር፤ ድምፁ ከዚያ የቀረ ነው። የወንድ ቁጥር ሲጮኽ ማንም ዞር አይልም። የሴት ሲሆን ሱቁ ጸጥ ይላል። አምና የቦራምን ቁጥር ሲጮኽ አንዱ ጎረምሳ፣ «ለሁለት ሰው ነው እንዴ የሚከራየው?» አለና ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ቦራም የያዘችውን ጫማ ቀስ ብላ አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ያን ቀን የት እንደዋለች እስካሁን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት።

ሌላም ነገር አለ። በመስከረም ከተማው መሃል ያለ አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ሻጮች ይፈልጋል ተብሎ ቦራም ፎርም ይዛ መጣች። ፎቶ የሚለጠፍበት ቦታ አለው፤ ከሥሩ ቁመት፣ ከዚያ ሥር ክብደት። እኔ ማንበብ ገና መጀመሬ ስለነበር አጠገቧ ተቀምጬ ቃሎቹን በጣቴ እከተል ነበር። እሷ እውነቱን ጻፈች። «ዝቅ አድርጊው እንጂ» አልኳት። «ሲያዩኝ ያውቁት የለ?» ብላ ሳቀች። አልጠሯትም። በሌሎች ሁለት ቦታዎችም እንዲሁ ጻፈች፤ እነሱም አልጠሯትም። ከላያችን ፎቅ ያለችው ልጅ፣ የእጅ ጽሑፏ እንኳ የማይነበበው፣ አርባ ስምንት ብላ ጽፋ ዛሬ ሽቶ መሸጫው ጋ ቆማለች። በሃምሳ አንድ ዓመቴ ፊደል ስቆጥር ከፊደሉ ጋር አብሬ የተማርኩት ይህን ነው፤ ክብደት የሚል ቦታ ባለው ወረቀት ላይ እውነቱን የጻፈች ልጅ ትቀራለች።

ዛሬ ደግሞ እንድትቀር የማልፈልግበት ቀን ነበር። ተራራው ላይ ያለው የስኪ ሜዳ ጀማሪ ሕፃናትን የሚያስተምሩ አሥራ ሁለት ረዳቶች ይመርጣል። ሠላሳ አንድ ሰው ተመዝግቧል። የተመረጠ ሰው እስከ መጋቢት መኝታና ምግብ ያገኛል፤ ጀርባው ላይ «ረዳት» ተብሎ የተጻፈበት ጃኬትም ይሰጠዋል። ቦራም ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ በአጎቷ አሮጌ ስኪ ያደገች ናት። መንገድ ላይ ስትሄድ ትከሻዋን ሰብስባ፣ ሰውነቷን የሆነ ቦታ ልትደብቀው እንደምትፈልግ ሆና ነው የምትሄደው። በረዶ ላይ ግን ትከሻዋ ይከፈታል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ እንዳልሆን ፈልጌ ነበር።

«እትዬ፣ ሰው ቆሟል» አለ ቴጉ።

«የቤት ልጅ አይደለች? ዝም ብሎ አይሰጣትም?»

«አቶ ፒዮ ያለ ቁጥር ስኪ አያወጣም። ለአባቴም ቢሆን አያወጣም።»

እስክሪብቶውን አንስቼ ሃምሳ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ቴጉ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። እኔ ምድጃውን አየሁ። የታላቅ ወንድሙ ሚስት ነኝ። ባሌ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው፤ እኔና ቴጉ እስከ ዛሬ አንቱ እንባባላለን፤ በሰው ፊት አንድም ቀን ቃሌን መልሶብኝ አያውቅም። ወደ መስኮቷ ዞረ።

«መቶ ስልሳ ስምንት! ሃምሳ አምስት! ሁለት መቶ ስልሳ!»

ማንም አልሳቀም። ማንም ከስልኩ ቀና አላለም። ደስ አለኝ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቦራም ከኋላ፣ ጫማ ማድረቂያው ክፍል ውስጥ ከጫማ ጋር ትግል ይዛለች። የሱቃችን የሴት ጫማ ነጭ ነው፤ ጎኑ ላይ አበባ አለው፤ ልኩ ሁለት መቶ ሃምሳ ላይ ያልቃል። ሲገዛ ከዚያ በላይ እግር ያላት ሴት አገር ውስጥ የለችም የተባለ ይመስላል። የሴቶቹ ስኪም አጭርና ልፍስፍስ ነው፤ ቦራም ስትቆምበት መሃሉ ይጎብጣል። ስለዚህ የምትከራየው ሁልጊዜ የወንድ ነው። የወንዱ ጫማ ደግሞ አንገቱ ረጅም ስለሆነ ባቷን ያንቃታል፤ ተረከዙ ሰፊ ስለሆነ እግሯ ውስጡ ይዋኛል። ከላይ ሲጠብ ከታች ይሰፋል። እኔም ሄድኩላት፤ ላይኛው ዘለበት አልደርስ ስላለን ሁለታችንም ሲሚንቶው ላይ ተንበርክከን፣ እሷ ስትጎትት እኔ ስገፋ፣ ተያየንና ሳቅን።

«ጫማው ወንድ ነው እማዬ። ቢነግሩት አይሰማም።»

«አባትሽም እንደዚህ ነበር። ዝም ብለሽ ጎትቺ።»

በመጨረሻ ላይኛውን ዘለበት ትተን በአሮጌ ቦርሳ ማንገቻ አሰርነው። ወደ ተራራው የሚወስደው አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ።

«ፎርሙን ሞላሽው?»

«ሞላሁት።»

«ብቻሽን? ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ጎበዝ እናቴ!» ብላ በቀዝቃዛ እጇ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። ከመስኮቷ ሥር የተቀመጠላትን ስኪ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ በዚያ ከባድ ጫማ እየተንገዳገደች ሮጠች። ጫማውን ስኪው ላይ የሚያስረውን ብሎን ዝቅ ብላ አላየችውም። በዕድሜዋ ሙሉ አጎቷ ሱቅ ውስጥ የተስተካከለ ስኪ ነው የያዘችው፤ ምን ብላ ታየዋለች?

ሰልፉ ሦስት ሰዓት ላይ አለቀ። የትናንቱን ሱሪዎች አጠብኩ፤ ሠላሳ አራት ሱሪ። ጫማዎቹን አንድ በአንድ ሙቅ አየር በሚነፋው ቱቦ ላይ ሰካሁ። ጠዋት የሠራሁት በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ቦራም የሷን ይዛ ይሆን ረስታው ይሆን ብዬ ሄጄ አየሁ። ይዛለች። ከዚያ ጓንቷን ይዛ ይሆን አልኩ። እሱንም ይዛለች። ጭንቀቴ ቦታ አጥቶ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ይዞር ነበር። ቴጉ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ ዘርግቷል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና አፉን ሊከፍት ሲል ስልኩ ጠራ፤ አንድ ደንበኛ ስለ ቅዳሜ ዋጋ ጠየቀው፤ መለሰለትና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። ሊለኝ የነበረውን አሁን አውቃለሁ።

አምስት ሰዓት ገደማ አቧራ ልጠርግ ወደ አቶ ፒዮ ክፍል ገባሁ። ከጠረጴዛው በላይ፣ በላስቲክ የተሸፈነ አንድ ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ አለ። ሁለት የበረዶ ወቅት በየጠዋቱ ጠርጌዋለሁ፤ ለእኔ የግድግዳው ክፍል ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ማንበብ የምንማርበት ክፍል አስተማሪ፣ ሥራ ቦታችሁ ያለ አንድ ጽሑፍ አንብባችሁ ኑ ብላን ነበር። ጨርቄን እንደያዝኩ ከላይ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቃል ክብደት ነው። የማውቀው ቃል በመሆኑ ደስ አለኝ። ቀጥሎ የጫማ ርዝመት፤ ቀጥሎ የብሎን ቁጥር። ሃምሳ አምስት ኪሎ ያለበት መስመር ጫፉ ላይ አራት ተኩል ይላል። ዝቅ ብሎ ሰባ ስድስት ያለበት መስመር ስድስት ተኩል ይላል። ከሁሉም በታች በቀይ የተጻፈ አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር አለ። መጀመሪያ ሳነበው ፊደሎቹን ብቻ ነው ያነበብኩት። ሁለተኛ ሳነበው ጣቴ መሃሉ ላይ ቀረ። «ክብደቱን አሳስቶ ለጻፈ ሰው ስኪው ያለ ጊዜው ሊፈታ፣ ወይም መፈታት ሲገባው ላይፈታ ይችላል።»

«አቶ ፒዮ፣ ሊፈታ ማለት ምን ማለት ነው?»

አቶ ፒዮ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በዚህ ወቅት ነው የተቀጠረው። የስኪ ጠርዝ እየሞረደ ነበር። ሞረዱን ሳያቆም መለሰልኝ። «ጫማውን ስኪው ላይ የሚይዝ ማቀፊያ አለ እትዬ። ሰው ሲወድቅ መልቀቅ አለበት፤ ካልለቀቀ ጉልበት ይበጥሳል። ሳይወድቅ ከለቀቀው ደግሞ እሱ ራሱ ይጥለዋል። ከባድ ሰው ላይ ብሎኑ ከላላ ኩርባ ላይ ገፋ ሲያደርግ ስኪው ጥሎት ይሄዳል።»

«ሴት ከሆነችስ?»

«ብሎን ሴት ወንድ አያውቅም፤ ኪሎ ነው የሚያውቀው። ሴቶቹ አምስት ይቀንሳሉ፣ ጎረምሶቹ አምስት ይጨምራሉ፤ እሱን ለምጄዋለሁ። አምስት ኪሎ ብዙም አይጎዳ።»

«ሃያ አንድስ?»

ሞረዱ ቆመ። «ጠዋት ሁለት መቶ ስልሳ ጫማ ከሃምሳ አምስት ኪሎ ጋር የተጠራው» አለ ቀስ ብሎ። «መቼም እግረ ረጅም ቀጭን ልጅ ናት ብዬ ነበር። ልጅዎ ነች?»

ራሴን ነቀነቅኩ። አቶ ፒዮ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የወንድ ጫማ ነው ያደረገችው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። «የሴት ባት ዝቅ ብሎ ነው የሚወፍረው። የወንዱ ጫማ አንገት እዚያ ላይ ሲያርፍባት ወደ ኋላ ይገፋታል። ወደ ኋላ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጉልበቱን ነው የሚጨርሰው፤ የሴት ጉልበት ያለ እሱም ችግሩ ይበቃዋል።» ከመሳቢያው ሁለት የቡሽ ቁራጮች አወጣ፤ አንድ ጎናቸው ወፍራም፣ አንድ ጎናቸው ስስ። «ከተረከዟ ሥር ያስገቡላት። ባቷ ከጫማው ቀና ይላል፤ እሷም ወደ ፊት ትመጣለች። ብሎኑ ግን ይቅደም። ስድስት ተኩል ይበሉ።» እስክሪብቶ ለመንኩትና መዳፌ ላይ ስድስት ተኩል ብዬ ጻፍኩ። ስድስቱ ተንጋደደ።

የቦራም ስልክ ይጠራል፤ አይነሳም። የስኪ ሜዳው ቢሮ ሲደወል በቴፕ የተቀዳ ድምፅ የበረዶውን ውፍረት ይናገራል። ፈተናው ጠዋት ተጀምሮ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው የሚያልቀው። ወደ ምድጃው ሄጄ ከቴጉ ጋዜጣ ፊት ቆምኩ፤ እሱን የምጠራው በልጁ ስም ነው።

«የጁንሶ አባት፣ ቦራም ሃምሳ አምስት አይደለችም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ለምን ጮኹት?»

ጋዜጣውን አጠፈ። «እርስዎ ጻፉታ! እኔ ደንበኛ የጻፈውን ነው የምጮኸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የወንድሜ ሚስት፣ ዋሽተዋል ልበል?»

«ሰዉ ከሄደ በኋላስ?»

የመኪናውን ቁልፍ ከሚስማሩ አነሳ። በር ላይ «ጫማ ያድርጉ እንጂ» አለኝ፤ እኔ ግን በላስቲክ ነጠላ ጫማዬና በሽርጤ መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀምጫለሁ።

እስከ ተራራው ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ፊታችን አንድ ነዳጅ የጫነ መኪና በቀስታ እየሄደ መንገዱን ዘጋን። ቴጉ ማለፍ ፈልጎ ይወጣል፤ ተመልሶ ይገባል። ሁለት የበረዶ ወቅት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንሠራ የተነጋገርነው ስለ ሱሪ፣ ስለ ጋዝ፣ ስለ በዓል ምግብ ነው። ስለ ቦራም ሰውነት ቤታችን ውስጥ ማንም አውርቶ አያውቅም፤ ሁላችንም እናየዋለን፤ በበዓል ቀን ሚስቱ ለሌሎቹ ልጆች ሩዝ ስትጨምር ቦራም ጋ ስትደርስ ማንኪያዋ አየር ላይ ትንሽ ይቆያል። እሱንም ሁላችንም እናየዋለን። የመኪናው ማሞቂያ ስለተበላሸ እግሬ ደነዘዘ። መዳፌን ጨብጬ ይዤዋለሁ፤ ላብ ቁጥሩን እንዳያጠፋው ፈርቼ ከፈት አደርገዋለሁ፤ ደግሞ እጨብጠዋለሁ።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ቴጉ፣ «ዓሣ ስሸጥ የለመድኩት ድምፅ ነው» አለ።

«አዎ» አልኩ።

ሜዳው ነጭ ከመሆኑ የተነሳ ዓይን ያማል። ከየአቅጣጫው ሙዚቃ ይጮኻል፤ አንዲት ሴት የዓሣ ሾርባ በወረቀት ኩባያ በሺህ ዎን ትሸጣለች፤ ሰው ሁሉ መነጽር ስላደረገ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ቴጉ መኪና ማቆሚያ ሲፈልግ እኔ ወርጄ ሮጥኩ። ሦስት የእንጨት ምልክቶች አንድ ምሰሶ ላይ ተቸንክረዋል። አምና ቢሆን ሰው እጠይቅ ነበር። ቆሜ አነበብኩ፤ ምግብ ቤት፣ መጸዳጃ፣ የረዳቶች ፈተና። ነጠላ ጫማዬ በረዶው ውስጥ እየቀረብኝ ወደ ሦስተኛው ሄድኩ።

ከቁልቁለቱ ሥር ገመድ ተወጥሮ፣ ከገመዱ ወዲያ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። ከገመዱ ወዲህ ተፈትነው የጨረሱ ልጆችና ቤተሰቦች ቆመዋል፤ አርባ ሰው ይሆናል። ሬዲዮ መገናኛ የያዘ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ወጣት እጁን ዘርግቶ አገደኝ።

«እናቴ፣ በዚህ በኩል አይታለፍም።»

«የቦራም እናት ነኝ። የፈተና ቁጥሯ አሥራ ሰባት ነው።»

«አሥራ ሰባት?» ወደ ላይ አየ። «ጠዋት ሁለት ጊዜ ስኪዋ ለቋት የወደቀችው? አሁን የመጨረሻዋን ልትወርድ ነው። አሁንም ከለቀቃት ያው… አለቀ ማለት ነው።»

«ተጎዳች?»

«ትከሻዋን ትንሽ። እሷ ደህና ነኝ ብላለች። ስኪ ላይ መቆም የምትችል አይመስለኝም ግን።»

«ትችላለች! የብሎኑ ጥፋት ነው። ብሎኑ በውሸት ክብደት ነው የታሰረው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ወጣቱ ፊቴን አየ፤ ነጠላ ጫማዬንም አየ። ሬዲዮውን ወደ አፉ አስጠጋና «አሥራ ሰባትን ለአፍታ አቁምልኝ» አለ። ከላይ በሚያንቋርር ድምፅ እሺ ተባለ። ሬዲዮው ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ወደ እሱ ያልዞረ ሰው አልነበረም። ከዳኞቹ አንዷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እውነተኛው ስንት ነው?» አለኝ፣ ሬዲዮውን ወደ እኔ አድርጎ።

ጥያቄው የጠዋቱ ጥያቄ ነው። ሰዉ ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ላይ፣ ከሰማዩ ጋር በተያያዘው ነጭ ጫፍ፣ ከሌሎቹ ሰፋ ያለች አንዲት ጥቁር ነጥብ ቆማለች። ያቺ ልጄ ናት፤ በሬዲዮው ስናገር ትሰማለች። በሹክሹክታ ልናገር አሰብኩ። ግን ከአፌ የወጣው ሹክሹክታ አልነበረም። ሁለት የበረዶ ወቅት ከመስኮቷ ጀርባ ጫማ ሳደርቅ በጆሮዬ የገባው የቴጉ ጩኸት ነው የወጣው።

«መቶ ስልሳ ስምንት! ሰባ ስድስት! ሁለት መቶ ስልሳ!» አልኩ። መዳፌን ከፍቼ አየሁ። «ብሎኑ ስድስት ተኩል!»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ። ወዲያው የቴጉን ድምፅ ሰማሁ፤ መኪናውን አቁሞ ደርሷል። «ምን ያስቃል? ምኑ ነው የሚያስቀው?» ሳቁ ቆመ። ላይ አንድ ሰው ከጥቁሯ ነጥብ እግር ሥር ሲንበረከክ ይታያል። ካቻቢቴ ይዞ እንደሆነ አላውቅም፤ እንዲሆን ለመንኩ። የቡሾቹን ቁራጮች ለማድረስ ጊዜ አልነበረም፤ ሽርጤ ኪስ ውስጥ አንዱ ሌላውን ይፍቃል።

ከዚያ ወረደች። የመጀመሪያውን ኩርባ ስትዞር ስኪው አብሯት ዞረ። ሁለተኛውን ስትዞር ተረከዟ ጫማው ውስጥ ሲነሳ ከታች ሆኜ ያየሁት መሰለኝ፤ ወደ ኋላ ተቀመጠች፤ አንድ እጇ በረዶውን ነካ፤ ቀና አለች። ስኪው አልለቀቃትም። ሦስተኛው ላይ ትከሻዋ ተከፈተ። ሙሉ ክብደቷን ስኪው ላይ ጣለችው፤ ስኪው ተቀበላት፤ የበረዶው ዱቄት ከጎኗ እንደ መጋረጃ ተነሳ። ሜዳው ላይ በዚያ ቀን ከወረዱት ሁሉ እንደ እሷ ቀጥ ብሎ መሬቱን የረገጠ አላየሁም፤ እናት ስለሆንኩ ይሆናል። ቴጉ አጠገቤ ቆሞ አፍንጫውን ይጠርጋል፤ ብርዱ ነው አለ፤ እኔ ግን አልጠየቅኩትም።

ከገመዱ ጋ ስትቆም መነጽሯን አነሳች። ዓይኗ ቀልቷል። ግራ ትከሻዋን ዝቅ አድርጋ ይዛዋለች።

«ሁሉንም ሞላሁ ብለሽኝ ነበር» አለች።

«ሞልቼው ነበር።»

«ጠዋት ሁለት ጊዜ ወደቅኩ እማዬ። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር። ሙሉ ጠዋት የኔ መስሎኝ ነበር።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እኔም ቡሾቹን ከኪሴ አውጥቼ በተዘረጋው ገመድ በላይ ሰጠኋት። ምን እንደሆኑ ሳትጠይቅ ተቀበለችኝና ሄደች።

ዝርዝሩ የተለጠፈው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ ተጋፍተው ስላዩት ወደ ኋላ ቆየሁ። ሲበተኑ ተጠግቼ ከላይ ወደ ታች በጣቴ ወረድኩ። ስሟን ያገኘሁት አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ነው። ተሳስቼ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ ቴጉን ጠርቼ አስነበብኩት፤ ደግሞ ራሴ አነበብኩት።

የተመረጡት ቢሮው ውስጥ የቅጥር ፎርም ይሞላሉ፤ በመስታወቱ በኩል ይታያሉ። የሴቶቹ ጃኬት ቀይ ነው፤ የወንዶቹ ሰማያዊ። አንዲት ሠራተኛ ለቦራም ቀዩን ሰጠቻት፤ ዚፑ ደረቷ ላይ ቆመ። ትልቁን ሰጠቻት፤ እሱም ቆመ። ሠራተኛዋ ትከሻዋን ነቀነቀችና ሰማያዊ አመጣችላት። ቦራም ለበሰችው፤ እጅጌው ከጣቶቿ አልፎ ወረደ፤ ሁለት ጊዜ ጠቀለለችው። ከዚያ ተቀምጣ ፎርሟን መሙላት ጀመረች። የወረቀቱ ቅርጽ ከሩቅም ይታወቀኛል፤ ፎቶ፣ ከሥሩ ቁመት፣ ከዚያ ሥር ክብደት። ሌሎቹ ሴቶች እዚያ ቦታ ሲደርሱ ግራ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጣል ያደርጉ ነበር። ቦራም ሳትሸፍን ጻፈች። አጠገቧ ያለው ልጅ አየው፤ እሷም እንዳየው አየች፤ ወደሚቀጥለው ቦታ አለፈች።

መኪናው አጠገብ ቆመን ጠበቅናት። ቴጉ ሞተሩን አስነስቶ አጠፋው። ልብሷን ነገ እንደምልክላት፣ ትከሻዋን በሙቅ ጨርቅ እንድትይዘው፣ ይቅርታም እንድታደርግልኝ ልነግራት በአፌ ደርድሬ ነበር። አልመጣችም። ከሕንፃው ደረጃ ላይ በሰማያዊው ጃኬት ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ቡሾቹን አንድ በአንድ ከተረከዙ ሥር ስታስገባ ብቻ አየኋት። አንዴ ቀና አለች። ያየችን ይመስለኛል።

ያን ቀን ጠዋት ሠላሳ አንድ ሰው ወደ ተራራው ወጥቶ ነበር። አሥራ ዘጠኙ በአሥራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ ወደ ከተማ ተመለሱ። አሥራ ሁለቱ ቀሩ። ቦራም ቀረች። እኔና የባሌ ወንድም ሄድን።